ሽማግሌዎቹ የመጡበት ጉዳይ

ሳሎናችን ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የነፍስ አባታችን በሩ አጠገብ፣ ከጫማ መደርደሪያው ጎን ቆመዋል፤ መስቀላቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ የእድራችን ሊቀመንበር ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ሦስተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከሁለቱ ኋላ፣ አንድ እግሩ ሳሎን፣ አንድ እግሩ በረንዳ ላይ። ባለቤቴ ከሶፋው ተነሥተው ፊት ለፊታቸው ቆመዋል። እኔ ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር ላይ ነበርኩ። ልጃችን እንደ ደንቡ ከመካከላችን አልነበረችም። ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ በሯን ግን ገርበብ አድርጋ ትታዋለች።

ወሩ ጥር ነበር። ከየካ ሚካኤል በታች ባለው ሰፈራችን ቅዳሜና እሑድ ድንኳን ያልተተከለበት መንገድ አልነበረም። በጥር ሽማግሌ ይመጣል ከተባለ ለምን እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም። እኛም አልጠየቅንም።

ማክሰኞ ልጃችን ከሥራ ስትመለስ ለአባቷ «ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል፤ ቤት ይሁኑ» አለቻቸው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ተከትያት ገብቼ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። የመጡበትን እነሱ ይናገሩ አለችኝ። አፍራ ነው ብዬ ቆጠርኩት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አብረዋት ያደጉት የጎረቤት ልጆች ሁሉ ተድረው ወልደዋል። ስለዚህ አልገፋሁም። ሐሙስ መጋረጃ አጠብኩ፤ ዓርብ ሁለት ዶሮ ተሠራ። ባለቤቴ ግራጫ ሱፋቸውን ላውንደሪ ሰጡ። ያን ሳምንት ጢማቸውን ሲላጩ በጉሮሯቸው ያንጎራጉሩ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሊያስጠረጥረን ይገባ ነበር። ወንድሜ የልጅቷ አጎት ነው። አጎት ሆኖ ከጠያቂዎቹ ጋር ደጅ የሚቆም የት አገር አለ? በረንዳው ላይ ሳየው ደንገጥ ብዬ ነበር፤ የልጁን ቤተሰብ ያውቃቸው ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ባለቤቴ እንዲቀመጡ ጋበዟቸው። አባ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ይህም ደንቡ ነው። ቀጥለው ልጅዎን ልንጠይቅ ነው የመጣነው አሉ፣ ቀስ ብለው። ባለቤቴ ለዚህ የተዘጋጁበት መልስ ነበራቸው። ሱፋቸውን አስተካክለው፣

«መልካም። ልጁ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

አባ ወደ ሊቀመንበሩ ተመለከቱ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያንተ ልጅ» አሉ።

«የኔማ ልጅ ናት። የምጠይቀው የልጁን ነው።»

«ወንድ የለበትም፤ ወዳጄ። የላከችን ራሷ ናት። የምንጠይቃትም ለራሷ ነው።»

ከዚያ ወንድሜ ከኋላ ሆኖ የቀረውን ተናገረ። መሪ ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ልትከራይ ነው፤ ሥራዋም ለዚያ ይቀርባታል፤ ብቻዋን ልትኖር ትፈልጋለች፤ ግን ያለ አባቷ ምርቃት አትወጣም። የምትለምነው ፈቃድና ምርቃት ነው።

ባለቤቴ ዝቅ ባለ ድምፅ በእኔ ቤት በሽማግሌ ይቀለዳል ወይ ብለው ጠየቁ። አባ እንዳልቀለዱ ነገሯቸው። እሳቸውም መጀመሪያ እምቢ ብለዋት እንደነበር፣ እሷ ግን ሽማግሌ የሚላከው ሰው ያለ ፈቃድ መውሰድ የማይፈልገው ነገር ሲኖር አይደለም ወይ ብላ እንደጠየቀቻቸው፣ በዚህም እሺ እንዳሏት አስረዱ። ሽማግሌ አይባረርም። ባለቤቴም ደንብ አዋቂ ናቸው። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡና ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ሽማግሌዎቹ ምግብ ሳይቀምሱ ሄዱ። ያን ዶሮ ሦስት ቀን ሙሉ ያለ ወሬ በላነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት የመኪና ስምሪት ኃላፊ ነበሩ። የትኛው ሾፌር በስንት ሰዓት ወጣ፣ በስንት ሰዓት ገባ፣ ያንን ሲጠብቁ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ሥራውን ሲተዉ እኛ ቀረንላቸው። ልጄ ሰርቬየር ናት፤ መሬት ትለካለች። አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እቤት መገኘት አለባት። የውጭውን በር ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ብቻ ናቸው። በኅዳር አንድ ቀን ልጄና ባልደረቦቿ ከከተማ ውጭ ለሥራ ሄደው መኪናቸው ተበላሸና መሸባቸው። ባለቤቴ ለአለቃዋ ደወሉ። ተጠግኖ ሲመለሱ ሰውዬው መኪናውን እየነዳ ስለነበር ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ነው ያነሳው። ልጄን አድርሱልኝ፣ አጠገቧ የተቀመጠው ማን ነው፣ ወንድ ነው ወይ ሲሉ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያን ቀን ወዲህ ባልደረቦቿ ፀሐይ ዘንበል ባለች ቁጥር «ኧረ ሰዓትሽ ደርሷል፤ አባባ ይደውላሉ» ይሏታል። ከከተማ ውጭ ያለውን ሥራዋንም መሥሪያ ቤቷ ለሌላ ሰው ሰጠው። ይህን የነገረችኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነው፣ ቀና ሳትል። እኔ ምን አልኳት? አባትሽ ለአንቺ አስበው ነው አልኳት።

ቀጠሮው እስኪደርስ ያለው ጊዜ አሰልቺ ነበር። ባለቤቴ ልጃቸውን ማነጋገር አቆሙ። ምግብ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጣ «ንገሪያት» ይሉኛል። ጫማዋን ከበረንዳው እንድታነሳ ንገሪያት። በዚህ ቤት ማንም እንዳላሰራት ንገሪያት። እሷም በተራዋ ንገሪልኝ ትለኛለች። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ላሉ ሁለት ሰዎች ቃል አመላላሽ ሆንኩ። አንዳንዴ ሳልናገር እተወዋለሁ፤ ሁለቱም ስለሰሙት ልዩነት አልነበረውም። በሁለቱም እበሳጭ ነበር። በእሳቸው እልህ፣ በእሷም። ሌሎች ልጆች ሲከፋቸው ያለቅሳሉ ወይም ጥለው ይሄዳሉ። እሷ ግን ቀጠሮ ትጠብቃለች።

ሐኪም ስላዘዛቸው ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ባሕር ዛፉ እስኪጀምር ድረስ ወጥተው ይመለሳሉ። እኔና ልጄ የምንነጋገረው በዚያች አንድ ሰዓት ነበር። አንድ ጠዋት ትዕግሥቴ አለቀና ምን አጣሽ እዚህ ብዬ ጠየቅኋት።

«ምንም አላጣሁም፤ እማዬ። ቁልፍ ነው የሌለኝ።»

እኔም ቁልፍ እንደሌለኝ ያን ጊዜ አሰብኩ። አልተናገርኩም። ይልቅ ደመወዝ አለሽ፣ ማንም በገመድ አላሰረሽም፣ ለምን ዝም ብለሽ አትሄጂም አልኳት። ቁጣ ነበር፤ ምክር አልነበረም። እሷ ግን እንደ ምክር ቆጥራ መለሰችልኝ። ተለይቶን የሚኖረው ወንድሟ በሃያ አራት ዓመቱ ላምበረት ቤት ሲከራይ አባቷ በሩ ላይ ቆመው መርቀውት እንደነበር አስታወሰችኝ። አልጋ ሳይቀር ሰጥተውታል። እውነት ነው። እሷም እንደ እሱ ተመርቃ መሄድ ትፈልጋለች። ተደብቃ እንደወጣች ሰው ፋሲካ በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆማ እስኪፈቀድላት መጠበቅ አትፈልግም።

ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጬ ነበር፤ ስሜ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። በዚያው ሰሞን ሽማግሌ መጣ። አባቴ በመጀመሪያው ቀን እሺ አሉ። ሽማግሌዎቹን እጅ ያስታጠብኩት እኔ ነኝ፤ በማን ጉዳይ እንደመጡ የነገረኝ ግን አልነበረም። ባለቤቴን አንቱ ማለት የጀመርኩት በሠርጉ ማግስት ነው፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ልጄ ለራሷ ሽማግሌ ላከች ሲባል መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ይሁን ንዴት ለይቼ አላውቀውም።

ሽማግሌዎቹ በሁለት ሳምንታቸው መጡ፤ እንደገና በዚያው ቦታ ቆሙ። ባለቤቴ በዚህ ጊዜ የሚናገሩትን አዘጋጅተዋል።

«ሰው ልጅህ የት ሄደች ቢለኝ ምን እላለሁ? አገባች እንዳልል አላገባችም። ሞተች እንዳልል አልሞተችም። ይህ ጠፋች ነው የሚባለው።»

«ራሷን ቻለች ይበሉ» አሉ አባ።

«ራሱን ቻለ የሚባለው ወንድ ነው፤ አባ።»

«የት ተጽፎ ነው?»

ባለቤቴ የት እንደተጻፈ አላወቁም፤ ቢሆንም አልተሸነፉም። ልጅ ያለው ሰው በመጀመሪያ ልመና እንደማይሰጥ፣ የልጅቷ ክብር እንደሚነካ አስረዱ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። የሽማግሌን ደንብ ለራሳቸው የሚጠቅም መሣሪያ አድርገው አግኝተውታል። እምቢ አላሉም። እምቢ ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ባለቤቴ በጾም ልጅ አይሰጥም አሉ። ሊቀመንበሩ መሳቅ የሚወዱ ሰው ናቸው። በእናታቸውም በአባታቸውም ኦሮሞ ናቸው፤ አባታቸው ገበሬ ነበሩ፣ እሳቸውም መሪ በኩል ያለው መሬት ለቤት ግንባታ እስኪወሰድ ድረስ አርሰዋል።

«ሠርግ እኮ አይደለም፤ ጾም አያስፈታም» አሉ። «ደግሞ የምትገባበት ሕንፃ የቆመው እኔ ባቄላ በዘራሁበት ላይ ነው። ስንት ዓመት ዘርቼበታለሁ፤ ከባቄላ በቀር ሌላ ነገር አልበቀለበትም። አትስጋ።»

ወንድሜ ሳቀ፤ አባም ጢማቸውን ይዘው ፈገግ አሉ። ባለቤቴ አልሳቁም። ከፋሲካ በኋላ አሉ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። አባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የበረንዳውን ደረጃ ሲወርዱ ትከሻዬን ያዙ። «እኔ እንኳ ቆሜ እቀድሳለሁ፤ እችለዋለሁ» አሉኝ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ምን እላለሁ፤ አባ፣ የቤቱ አባወራ እያሉ አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም። ወንድሜ ግን ዞር ብሎ አየኝ። ያ አስተያየቱ ብዙ ቀን አናደደኝ።

ልጄ የተዋዋለችበት ክፍል በዚህ መካከል አመለጣት። አከራይዋ ሁለት ወር መጠበቅ አልቻለችም፤ ለሌላ ሰጠችው። ልጄ የነገረችን በራት ላይ ነው፤ እንደ ተራ ወሬ። ባለቤቴ እንጀራውን እየጠቀለሉ እግዚአብሔር ያላለው ነገር አይሆንም ብለው ነገሩኝ፣ ለእኔ፣ እሷ እዚያው እያለች። ሳህኑን ከፊታቸው ሳነሳ ኃይል በዝቶበት ኖሮ ወጡ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ አልኳቸው። የተናደድኩት በሳህኑ እንዳልሆነ አላወቁም፤ ወይም ማወቅ አልፈለጉም።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ልጄ ሌላ ክፍል አገኘች፣ እዚያው መሪ። እንዳየው ፈለገች። ለባለቤቴ ከአገር ቤት ዘመድ ስለሚመጣ ላምበረት አውቶቡስ ተራ ልቀበል ነው አልኳቸው። በትዳር ዘመኔ እሳቸውን የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ለራሴ ስል የዋሸሁት ግን ያን ቀን ነው። ደረጃው ረጅም ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ የምግብ ማብሰያ ቦታ፣ ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ። በሩ ላይ ስንደርስ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችና ክፈቺው አለችኝ። መጀመሪያ በተቃራኒው አዞርኩት። እሷ እስካስተካክለው ጠበቀችኝ። ውስጥ ገብቼ መስኮቱ ጋ ትንሽ ቆምኩ። ግድግዳውን ማስቀባት አለብሽ አልኳት። እሺ አለችኝ።

ባለቤቴ ዘመዱ መጣ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልመጣም አልኳቸው።

አራተኛው ቀጠሮ ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነበር። ዶሮ አልሠራሁም። ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። ባለቤቴ ሱፍ አልለበሱም፤ በሹራብ ነበሩ። ይህ ነገር አሁን ልማድ ሆኖባቸዋል፤ ሊያስደስታቸውም እንደጀመረ አስባለሁ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ቆመው ሲለምኗቸው ማየት የጡረታን ጊዜ ያሳጥራል። አባ የመጡበትን በአጭሩ ተናገሩ። ባለቤቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«ክረምት ሊገባ ነው» አሉ። «ብቻዋን ለሆነች ሴት ክረምት አይመችም። መስቀል ይለፍና እንነጋገራለን።»

«ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት አጎቷ ስለሆንኩ ነው» አለ ወንድሜ። «እምቢ ካሉ እምቢ ይበሉን። ሽማግሌ እንዲህ አይመላለስም።»

«እምቢ አላልኩም» አሉ ባለቤቴ። «ቀጠሮ ነው የሰጠሁት። ቀጠሮ ደግሞ መብቴ ነው።»

ትክክል ነበሩ። ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት፤ ቀልድ አላመጡም። አባ ወደ መሬት ተመለከቱ።

የልጄ በር ተከፈተ። አንድ የልብስ ሻንጣና የመለኪያ መሣሪያዋን የምትይዝበትን የጀርባ ቦርሳ ይዛ ወጣች። በእኔ በኩል ማለፍ ስለነበረባት ከበሩ ገለል አልኩ። ዕቃዋን አስቀምጣ የሦስቱን ጉልበት ተራ በተራ ሳመች። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው ጭንቅላቷን ነኩ። ከዚያ አባቷ ፊት ተንበረከከች።

«አባባ፣ አራት ጊዜ አስለምኛለሁ» አለች። «አምስተኛ አላስለምንም፤ እነዚህን ሰዎችም ከዚህ በላይ አላስቆማቸውም። ክፍሉን ተረክቤአለሁ፤ ዛሬ እገባለሁ። ይመርቁኝ።»

ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሽማግሌዎቹ እሳቸውን ይጠብቃሉ፤ እኔም እጠብቃለሁ። በቤታችን ምርቃት የአባት ነው። እሳቸው ይጀምራሉ፤ እኔ አሜን እላለሁ። በዓል ሲሆን፣ ልጅ ለፈተና ሲሄድ፣ ልጅ ቤት ሲከራይ፣ አርባ ስንት ዓመት እንደዚያ ነው የኖርነው። ጊዜው ረዘመ። ልጄ ከመሬት አልተነሳችም። አንገቷ ላይ ያለው ጸጉር ከቀሚሷ ክር ጋር ተይዞ ነበር፤ ላላቅቅላት ፈልጌ እጄን መለስኩ። ባለቤቴ የሚናገሩ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይናገሩ ነበር። መስቀል ሲደርስም ወደዚያው መስኮት እንደሚዞሩ አወቅሁ፤ ከዚያም ገና፣ ከዚያም ሌላ ጾም።

«እግዚአብሔር ይከተልሽ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። «ቤትሽን የሰላም ያድርገው። ክፉ አይንካሽ።»

ባለቤቴ ዞረው አዩኝ። እኔ እሷን ነበር የማየው።

«አሜን» አሉ አባ። ሊቀመንበሩም አሜን አሉ፤ ወንድሜም። ሽማግሌ አሜን ያለበት ምርቃት አይመለስም፤ ይህንን ባለቤቴ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ግን አሜን አላሉም።

ልጄ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። ቦርሳዋን በጀርባዋ አዘለች፤ ሻንጣዋን አነሳች። አባ ከበሩ ፈቀቅ አሉላት። እሷም በመካከላቸው አልፋ ሄደች።